ጀልዴሳና የከፍተኛ ትምህርት ጥራት፦ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

ስለ አፍሪካ ከፍተኛ ትምህርት ጥራት የሚቀርቡ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከዋና ከተሞች ነው። የተማሪው ቁጥር፣ የመምህራኑ ማዕረግ፣ የበጀቱ መጠንና የሕንጻው ብዛት ይዘረዘራል፤ ከዝርዝሩም ፍርድ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ለመመልከት ይሞክራል። መነሻው ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ በቆላው ውስጥ የምትገኘው ጥንታዊት የንግድ ከተማ ጀልዴሳ ናት። ጥያቄውም የሚከተለው ነው፦ በአካባቢው ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማር አንድ የታሪክ ወይም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የጀልዴሳን ታሪክ ከምንጩ አጥንቶ ለመጻፍ ምን ምን ያስፈልገዋል? ከሚያስፈልገውስ የትኛውን ከተቋሙ ያገኛል?

የጽሑፉ አቅራቢ እምነት የከፍተኛ ትምህርት ጥራት ከሚመዘንባቸው መንገዶች አንዱ ተቋሙ የቆመበትን ምድር ለማወቅ ያለው ችሎታ ነው የሚል ነው። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ የጀልዴሳን ታሪክ ባጭሩ እናነሣለን፤ ቀጥሎ የከፍተኛ ትምህርትን አመጣጥ በምሥራቅ ኢትዮጵያና በአህጉሩ እንቃኛለን፤ በመጨረሻም ሁለቱን አገናኝተን ጥቂት ሐሳቦችን እናቀርባለን። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ የተቆጠረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1. የሲራራ ነጋዴ ከተማ

ጀልዴሳ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት ነው። ከተማዋ የምትገኘው የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮችና የኖሌ ኦሮሞዎች በሚገናኙበት አካባቢ ነው። የምድር ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ሐረር ለሚገባው ሲራራ ነጋዴ ዋነኛ ማረፊያ ነበረች። ምክንያቱ የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥ ነው። ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ጀልዴሳ ያለው በረሃ የግመል መንገድ ነው፤ ከጀልዴሳ ወዲያ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ግን ለግመል አይመችም። ስለዚህ ጭነቱ በዚህች ከተማ ከግመል ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ይጫን ነበር። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ ቀረጥ ለመሰብሰብ የተመቸ ነው። ሐረርን የያዘ ኃይል ሁሉ ጀልዴሳን ለመያዝ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነበር።

ግብጻውያን በ1868 ዓ.ም. ሐረርን በያዙ ጊዜ በጀልዴሳ የጦር ሰፈርና ኬላ ነበራቸው። በ1877 ለቅቀው ሲወጡ ከተማዪቱ በአሚር አብዱላሂ እጅ ገባች። በሚቀጥለው ዓመት በ1878 ዓ.ም. ካውንት ፖሮ የተባለው ኢጣሊያዊ የመራው ጓድ በጀልዴሳ አካባቢ በአሚሩ ወታደሮች ተፈጀ። በጥር 1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባና መኰንን የሐረር ገዥ ሆነው ሲሾሙ፣ የጀልዴሳ ኬላ በአዲሱ አስተዳደር ሥራውን ቀጠለ። ወደ ውጭ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ ወደ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅና የጦር መሣሪያ ይገባል። በዚያ መንገድ ሰዎችም በባርነት ይነዱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊ ሊዘነጋው አይገባም።

በዚህ መንገድ ካለፉት የውጭ አገር ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ስማቸው በዓለም ሥነ ጽሑፍና በዲፕሎማሲ ታሪክ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ለንግድ ሐረር የገባው ከዘይላ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በሬነል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክም ከዘይላ ተነሥቶ በጀልዴሳ አልፎ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገብቷል። እንዲህ ያሉ መንገደኞች የጻፏቸው ማስታወሻዎች ስለ ጀልዴሳ ብዙ ይነግሩናል። ነገር ግን የሚነግሩን መንገደኛ ለአንድና ለሁለት ቀን አርፎ ያየውን ነው፦ ሙቀቱን፣ የግመሎቹን ኪራይ፣ የኬላውን ክርክር። ሲራራውን በበረሃው ውስጥ በኃላፊነት ይዞ የሚያሻግረው አባን ምን ያስብ ነበር? ከነጋዴው ጋር የሚዋዋለው በምን ሕግ ነው? ውል ሲፈርስ ዳኛው ማን ነው? ይህን ለማወቅ በሌላ ቋንቋ ወደ ተያዘ ምንጭ መሄድ ያስፈልጋል።

ምንጮቹም ልዩ ልዩ ናቸው። የግብጽ አስተዳደር ደብዳቤዎችና የሐረር አሚሮች ሰነዶች በዐረብኛ ተጽፈዋል። ከመኰንን ዘመን ወዲህ ያለው የመንግሥት ደብዳቤ በአማርኛ ነው። የመንገደኞቹ መጻሕፍት በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በኢጣሊያንኛ ናቸው። የአገሬው ትዝታ ደግሞ በሶማልኛና በኦሮምኛ በቃል ይተላለፋል። የኢሳዎች የቃል ሕግ የሆነው ሄር ኢሳ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ አንዲት ትንሽ ከተማን በሚገባ ለማጥናት ቢያንስ አራት ቋንቋና ሦስት ዓይነት የምንጭ አጠቃቀም ስልት ማወቅ ግድ ነው።

2. ባቡሩና ነጋድራሶቹ

አፄ ምኒልክ የባቡር መሥመሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ከዳገቱ ግርጌ ደረሰ። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባቱ አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ እዚያው ቆላው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ድሬዳዋ ተወለደች። ዘይላና ጀልዴሳን ያገናኝ የነበረው ንግድ ወደ ሐዲዱ ዞረ። ጀልዴሳን የገደላት ጦርነት ወይም ረኃብ አይደለም፤ መንገዱ ትቷት ሄደ።

የጀልዴሳን ኬላ ሥራ የወረሰው የድሬዳዋ ጉምሩክ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ልዩ ትርጉም አለው። የዘመናዊው አማርኛ ስድ ንባብ መሥራቾች ከሚባሉት መካከል ሁለቱ የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። አንደኛው «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ሁለተኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለዩ ያልታተመ የእጅ ጽሑፍ ትተው ነበር፤ ይኸውም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሚል ርእስ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ።

የገብረ ሕይወት ዋነኛ ክርክር ከያዝነው ርእስ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የአንድ ሕዝብ ሀብት ምንጩ ዕውቀቱ ነው ይላሉ። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ብዙ ይሠራል፤ ዕውቀት የሌለው በብዙ ድካም ጥቂት ያገኛል። ሁለቱ በገበያ ሲገናኙ ልውውጡ እኩል ሊሆን አይችልም፤ ያላወቀው ወገን የብዙ ቀን ድካሙን ለጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል። ይህን ሐሳብ የጻፉ ሰው የጉምሩክ ሹም እንደነበሩ ስናስታውስ ክርክሩ ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ እንዳልሆነ እንገነዘባለን። ጥሬ ቆዳና ቡና ሲወጣ፣ የተሠራ ዕቃ ሲገባ በዓይን የሚታየው በኬላው ላይ ነውና። ዛሬ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የንግዱን ታሪክ ካላወቀ ግማሹን ትርጉም ያጣል። የንግዱን ታሪክ የሚያጠና ሰውም መጽሐፉን ካላነበበ፣ በዚያ ዘመን የነበረ ኢትዮጵያዊ ምሁር ነገሩን እንዴት ይገነዘበው እንደነበር አያውቅም።

3. ከፍተኛ ትምህርት በምሥራቅ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉስየን ማት መሪነት ማስተማር ጀመረ። የምሥራቁ ክፍል ለከፍተኛ ትምህርት የበቃው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በአሜሪካ መንግሥት የአራተኛው ነጥብ ዕርዳታ አማካይነት ከኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የእርሻ ትምህርት በ1945 በጅማ ተጀመረ። የኮሌጁ ተማሪዎች በ1949 ዓ.ም. በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ወደምትገኘው ዓለማያ ተዛወሩ፤ ኮሌጁም በጥር 1950 በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። የተከተለው አሠራር ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚሰጥ የምክር አገልግሎትን በአንድ ላይ የሚያጣምር ነበር።

ዓለማያ በታኅሣሥ 1954 በተመሠረተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። በግንቦት 1977 ራሱን የቻለ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ተከፈተ። ከድንበሩ ማዶ በቦረማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ጀምረዋል። በካርታ ላይ ብንመለከተው የጥንቱ የሲራራ መንገድ ከባሕሩ እስከ ደጋው ድረስ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች ተከብቧል። በ1949 ዓ.ም. ግን በዚህ ሁሉ ምድር የነበረው አንድ ኮሌጅ ብቻ ነበር።

ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ሆኖም የተቋም መኖር ብቻውን ምን ያህል እንደማይበቃ የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ያስተምረናል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ እየደረቀ ሄደ። ውሃው በቅርብ ዓመታት መመለስ ቢጀምርም ትምህርቱ አልቀረም። ዕውቀት በግቢ ውስጥ መከማቸቱና ዕውቀት በአካባቢው ሕይወት ላይ መሥራቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

4. ብዛትና ጥራት በአፍሪካ

የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት 1961 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአህጉሩን የትምህርት ዕቅድ ነደፉ። በሚቀጥለው ዓመት በታናናሪቭ የተደረገው ጉባኤ በተለይ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ያተኰረ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ዋና ጥያቄ እንዴት መስፋፋት ይቻላል የሚለውና መምህራኑና ሥርዓተ ትምህርቱ እንዴት አፍሪካዊ ይሁኑ የሚለው ነበር። እነ ኢባዳንና ማኬሬሬ ዲግሪ ይሰጡ የነበሩት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ስም ነበርና፣ ጥራት ማለት ለንደን የተቀበለው ማለት ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ከለወጡት አንዱ ናይጄሪያዊው የታሪክ ሊቅ ኬኔት ዲኬ ናቸው። ዲኬ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ኒጀር ወንዝ ዴልታ ንግድና ፖለቲካ ባሳተሙት መጽሐፍ የአካባቢው ነጋዴዎች የራሳቸው ታሪክ ባለቤት መሆናቸውን አሳዩ። በጽሑፍ ሰነድ ላይ የቃል ምስክርነትን ጨመሩ፤ የናይጄሪያን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አቋቋሙ፤ በኢባዳንም የታሪክ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1961 ያን ቫንሲና የቃል ታሪክን የመመርመሪያ ስልት በመጽሐፍ ካቀረቡ በኋላ መንገዱ ይበልጥ ተጠረገ። የኢባዳን ዝና የመጣው ከለንደን ፈተና እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። አንድን የንግድ መሥመር ከራሱ ሰዎች ወገን ሆኖ ከማጥናት፣ ሰነዱንም ለተከታዩ ትውልድ ከማስቀመጥ የመጣ ነው። ጀልዴሳም እንዲሁ የንግድ መሥመር ከተማ ናት።

ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ነገሩ ተበላሸ። ዕዳ የከበዳቸው መንግሥታት በዓለም ባንክ ምክር ገንዘባቸውን ከከፍተኛ ትምህርት ወደ አንደኛ ደረጃ አዞሩ። ቤተ መጻሕፍት አዲስ መጽሐፍ አጡ፤ መምህራን ተሰደዱ። ባንኩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዩኔስኮ ጋር ባቋቋመው ግብረ ኃይል አማካይነት ከፍተኛ ትምህርት ችላ መባሉ ስሕተት እንደነበር የሚያሳይ ዘገባ አወጣ። በማኬሬሬ የተሞከረው ሌላ መፍትሔ ደግሞ በራሳቸው ገንዘብ የሚማሩ ተማሪዎችን በብዛት መቀበል ነበር። ማህሙድ ማምዳኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ይህ አሠራር የትምህርት ክፍሎችን ለገበያ እንዲሽቀዳደሙ እንዳደረጋቸውና ምርምርን እንዳዳከመ ገልጸዋል።

5. የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በአገራችን የተከሰተው መስፋፋት ከዚህ የተለየ ነው፤ ያስፋፋው መንግሥት ነውና። በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በሃያ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሆኑ። በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ይህም ተቋም ከጊዜ በኋላ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተተክቷል። በ2001 ዓ.ም. ከተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ተወሰነ፤ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ የቀረው ከማኅበራዊ ሳይንስ ጋር የሚጋሩት 30 በመቶ ነበር። በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ታወቀ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ተጀመረ።

ፈተናው ብዙ ሰው ይደግፈዋል፤ ምክንያትም አለው። ያልተማረ ሰው ዲግሪ ይዞ እንዳይወጣ ይከላከላል። ነገር ግን ፈተና የሚሠራው የኬላ ሥራ ነው። ኬላ የሚያልፈውን ዕቃ ይመረምራል እንጂ ዕቃውን አይሠራም። በምርጫ ጥያቄ የሚፈተን ተማሪ አንድን የዐረብኛ ደብዳቤ ከአንድ ሽማግሌ ቃል ጋር ማመሳከር መቻሉን የሚያሳይበት ዕድል የለውም።

ይህን ችሎታ የሚያሠለጥን አሠራር ግን በአገራችን ነበረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጥናት ጽሑፍ ያቀርቡ ነበር። ብዙዎቹ ወደየትውልድ አገራቸው ሄደው ሽማግሌዎችን ጠይቀው የአካባቢ ታሪክ ጽፈዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪዎችም ተረትና ምሳሌ፣ ቃል ግጥምና የሥርዓት ዘፈን ሰብስበዋል። ጉድለት ያለባቸው ጽሑፎች እንደነበሩ አይካድም። ቢሆንም ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ቃል የሚገኘው በእነዚሁ ወረቀቶች ውስጥ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት በመላክ አገሩን እንዲያውቅ አድርጎት ነበር።

መምህር አንድን የጥናት ጽሑፍ በሚገባ ሊያርም የሚችለው የተማሪው ቁጥር ልክ ሲኖረው ነው። ተማሪው በዝቶ መምህሩ ሳይጨምር ሲቀር በመጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው የማማከር ሥራ ነው፤ ጽሑፉ በስም ይቀርባል፣ እርማቱ ግን ይቀራል። ጥራት ወረደ የሚለው አጠቃላይ ወቀሳ በዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ተጨባጭ መልክ ይይዛል።

6. ምን ይደረግ?

አንባቢ ሊያነሣው የሚችል አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ተመራቂው ሥራ ባጣበት ዘመን የአንዲት የተረሳች የኬላ ከተማ ታሪክ ለማን ይጠቅማል? መልሱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ጀልዴሳን ለማጥናት የሚያስፈልገው ሙያ፣ ማለትም በበርካታ ቋንቋዎች ማንበብ፣ የሚጋጩ ምስክሮችን መመዘን፣ የተረዱትን በጠራ አማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ መጻፍ፣ ለዳኛም ለጋዜጠኛም ለአስተዳዳሪም የሚያስፈልግ ሙያ ነው። ሁለተኛ፣ ሲራራ ነጋዴውን የሚያስታውሱ ቤተሰቦች ትዝታ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እየሳሳ የሚሄድ ነው። ቤተ ሙከራ ዘግይቶ ሊሠራ ይችላል፤ የሽማግሌ ቃል ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

ስለዚህ አራት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ የጥናት ጽሑፍ ከነሙሉ እርማቱ ወደ ቦታው ይመለስ፤ አንድ መምህር የሚያማክራቸው ተማሪዎች ቁጥርም ይወሰን። ሁለተኛ፣ በምሥራቅ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ በተጨማሪ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪ ወይም ዐረብኛ ለምርምር በሚያበቃ ደረጃ ይማር። በድሬዳዋ ብዙ ልጆች ሦስት ቋንቋ እየተናገሩ ያድጋሉ፤ ይህ ሀብት በዩኒቨርሲቲው በር ላይ መራገፍ የለበትም። ሦስተኛ፣ የሐረማያ፣ የድሬዳዋ፣ የጅግጅጋና የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ተማሪዎችን በጋራ ያማክሩ፤ መንገዱ አንድ ነበርና ጥናቱም በወሰን ሊቆራረጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውና እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አገሮች የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ስምምነት ለዚህ የሕግ መሠረት ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ የተጠናው ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለአካባቢው ትምህርት ቤት ይሰጥ። ሽማግሌው የነገረው ታሪክ ለልጅ ልጁ ተመልሶ ካልተነበበ ጥናቱ ከቃሉ ባለቤት ወስዶ የቀረ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው የጀልዴሳ ዕጣ የተወሰነው ዕቃ የሚራገፍባትና የሚጫንባት ብቻ ሆና በመቅረቷ ነው። ሌላ መንገድ በተከፈተ ጊዜ የሚያስቀራት የራሷ ሥራ አልነበራትም። በሌላ አገር የተሠራ ዕውቀት ተረክቦ ለተማሪው የሚያስተላልፍና ተማሪውን ቆጥሮ የሚያስወጣ ዩኒቨርሲቲም ከዚህ የራቀ ዕጣ የለውም። ዛሬ ንግግሮችና መጻሕፍት ከሁሉም ማዕዘን በቀላሉ በሚገኙበት ዘመን፣ ማስተላለፍ ብቻ ሥራው የሆነ ተቋም መንገዱ ሌላ ጋ ሲዞር ተማሪ ምን ብሎ ይመጣበታል? ገብረ ሕይወት ከመቶ ዓመት በፊት የተከራከሩለት ዕውቀት በኬላ የሚያልፍ ሸቀጥ አልነበረም፤ በአገር ውስጥ የሚሠራ ነው። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተነሥቶ ወደ ጀልዴሳ የሚሄድ ተማሪ ደብተርና ሁለት ቋንቋ ይዞ፣ የሚያርመውም መምህር ከኋላው ካለው፣ የጥራት ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።